የመጀመሪያው ዓመት፤ ስለ አዲስ መኪና ነጂዎችና ስለ እንጦጦ ቁልቁለት



በዚህ ገጽ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ ክትባትና ስለ ዘር አቅርቦት ማንበብ የለመዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ስለ መኪና መንዳት ለምን ይጻፋል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ከማንኛውም በሽታ ቀድሞ የሚገኘው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ከ10 ሟቾች 9ኙ የሚሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በአዲስ አበባም በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። አንድን ልጅ በክትባት ከኩፍኝ ካዳንን በኋላ፣ በ10 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በመኪና እንዳይሞት ማሰብ የዚያው ሥራ ክፍል ነው።

በየጉባኤያችን መንጃ ፈቃድ ያወጡ ወጣቶች አሉ። አንዳንዱ የቤተሰቡን መኪና ይነዳል፤ አንዳንዱ በታክሲ ወይም በዕቃ ማጓጓዝ ኑሮውን ይመራል፤ አንዳንዱም በፕሮጀክት መኪና ላይ ይቀጠራል። ይህ ጽሑፍ ስለ እነርሱና በየካ ክፍለ ከተማና በእንጦጦ ተራራ ላይ ከእነርሱ ጋር መንገድ ስለሚጋሩ ሰዎች ነው። ልናስረዳ የምንፈልገውም አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መንጃ ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓመት ከሁሉም ይልቅ አደገኛ ስለሆነ፣ አዲሱ ነጂ በዚያ ዓመት ብቻውን ሊተው አይገባም።

አዲስ ነጂ ለምን ይለያል?

ጉዳዩ በሚገባ በተጠናባቸው አገሮች የታየው ተመሳሳይ ነው። ሰው ብቻውን መንዳት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት የመጋጨት ዕድሉ ከፍተኛ ይሆናል፤ የነዳው ኪሎ ሜትር እየበዛ ሲሄድ ግን በፍጥነት ይቀንሳል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አራት ናቸው።

1ኛ) ዓይን። አዲስ ነጂ ከመኪናው ፊት ያለውን ጥቂት ሜትር ብቻ ያያል። ልምድ ያለው ግን አርቆ ያያል፤ ያየውንም ይተረጉማል። ኳስ ወደ መንገድ ከገባ ልጅ ተከትሎ ይመጣል። ሚኒባስ ቆሞ በሩ ከተከፈተ በፊቱ ዞሮ የሚሻገር ሰው ይኖራል። ይህን ማንበብ የሚለመደው በብዙ ጊዜ ነው።

2ኛ) እጅና እግር። ፍሪሲዮኑ፣ ማርሹ፣ ፍሬቻውና ስፖኪዮው ገና ስላልተዋሐዱት የጀማሪው ሐሳብ በእነርሱ ይያዛል። ለመንገዱ የሚተርፈው ሐሳብ ጥቂት ነው። ስልክ ሲጨመርበት ያም ጥቂቱ ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው የመጋጨት ዕድሉ ከማይጠቀመው 4 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

3ኛ) ዕድሜ። ችኮላን የሚገታውና አደጋን የሚመዝነው የአእምሮ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። የ19 ዓመት ወጣት እጁ ፈጣን፣ ዓይኑም ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ «ይህን ልለፈው ወይስ ልጠብቅ?» የሚለውን መመዘን ግን ገና በመማር ላይ ነው።

4ኛ) ጓደኛ። ብቻውን ሲሆን ረጋ ብሎ የሚነዳ ወጣት፣ ሦስት እኩዮቹ አብረውት ሲሳፈሩ አነዳዱ ይለወጣል። ማንም ባያዘው እንኳ በእነርሱ ፊት ፈሪ መባልን አይወድም።

አዲስ ነጂ ሁሉ ወጣት አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። በአገራችን በ40 ዓመቱ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው ጥቂት አይደለም። እርሱን 3ኛውና 4ኛው ምክንያት ባይነኩት እንኳ 1ኛውና 2ኛው ይነኩታል።

የማሠልጠኛ ተቋማት መኪናን መቆጣጠርን፣ ሕግንና የመንገድ ምልክትን ያስተምራሉ፤ ፈተናውም ይህንኑ ይመዝናል። ይህ እጅግ አስፈላጊ ነው። ሆኖም ተማሪው መሪ የያዘበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን በቀን፣ በታወቀ መንገድ፣ አስተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ የተነዳ ነው። በጭጋግ፣ በሌሊት፣ በቁልቁለትና በሕዝብ መካከል መንዳትን የሚማረው ከፈተናው በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ አስተማሪው አብሮት የለም።

በየካና በእንጦጦ ያለው መንገድ

መገናኛ ከባሕር ጠለል በላይ በ2400 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣውና የሚወረደው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል፣ በጉለሌም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጡት መንገዶች አቀበታቸው የበረታና ጠመዝማዛ ናቸው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከተከፈተ ወዲህ በዕረፍት ቀን ወደ ተራራው የሚወጣ የቤት መኪና በዝቷል።

በዚያው መንገድ ከባሕር ዛፉ ጫካ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጀርባቸው በሸክሙ ስለሚጎብጥ፣ ሸክሙም ከትከሻቸው ግራና ቀኝ አልፎ ስለሚወጣ፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ዞረው ማየትም ዘለው መሸሽም አይችሉም። በንጋት የሚሮጡ አትሌቶች፣ የተጫኑ አህዮችና ወደ ጠበል የሚወጡ ሕሙማን በዚያው ዳር ይሄዳሉ።

በምሥራቅ በኩል ከመገናኛ በኮተቤ አድርጎ ወደ ካራ የሚያልፈው መንገድ፣ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድ ነው። የከተማው ተማሪና ገበያተኛ እዚህ ላይ ከአገር አቋራጭ ከባድ መኪና ጋር ይገናኛል። ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው ጎዳና መካከል ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ሐዲድ ስላለ፣ ብዙ ተሳፋሪ ከባቡሩ ወርዶ ወደ ዳር ለመድረስ የመኪናውን መንገድ መሻገር አለበት። ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ የሚወስደው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ታድሶ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶለታል። ይህ ለእግረኛው መልካም ነገር ነው። ለስላሳና ሰፊ አስፋልት ግን አዲሱን ነጂ ሳይታወቀው ያፈጥነዋልና መጠንቀቅ ያሻል።

የፍጥነት ሒሳብ

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሆነ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ በደረቅና ሜዳማ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑና ጎማው ደኅና ከሆነ፣ መኪናው እስኪቆም በ30 ፍጥነት 5 ሜትር፣ በ60 ፍጥነት 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። በድምሩ የመጀመሪያው በ13 ሜትር፣ ሁለተኛው በ37 ሜትር ገደማ ይቆማሉ።

አሁን በ20 ሜትር ርቀት ላይ አንድ ሕፃን ወደ መንገዱ ዘልሎ ገባ እንበል። በ30 የሚነዳው ሰው ሕፃኑ ዘንድ ሳይደርስ 7 ሜትር ያህል ቀርቶት ይቆማል። በ60 የሚነዳው ግን ፍሬኑን መርገጥ የሚጀምረው ሕፃኑ ዘንድ ለመድረስ 3 ሜትር ብቻ ሲቀረው ነው፤ ስለዚህ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ይገጨዋል። መንገዱ እርጥብ ወይም ቁልቁለት ሲሆን ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው፣ መኪና ከፊት ለፊት የሚገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ የመኪናው ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ሲያድግ 4.5 ጊዜ ይጨምራል።

ከኮተቤ እስከ መገናኛ በ60 በመንዳት የሚገኘው ትርፍ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው መብራት ላይ በመቆም ይጠፋል።

ቁልቁለት እንዴት ይወረዳል?

ፍሬን መኪናን የሚያቆመው በመፋተግ ነው፤ መፋተግም ሙቀት ያመጣል። ከእንጦጦ እስከ ታች ፍሬኑን እየረገጠ የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሸራ እጅግ ያግለዋል። የጋለ ሸራ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱ ያረጀና እርጥበት የገባበት ከሆነ ደግሞ በሙቀቱ ይፈላና ፔዳሉ በእግር ሥር ይለሰልሳል፤ መኪናውም አልቆም ይላል። ስለዚህ፦

ሀ) ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሽ ይቀነስ። መኪናው አቀበቱን በወጣበት ማርሽ መውረድ የቆየና የታመነ ደንብ ነው። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይዞ ይወርዳል። ማርሹን በራሱ የሚቀይር መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ የሚያዝበት ቦታ አለው፤ ይህን ከመንዳት በፊት ማወቅ ይገባል።

ለ) ፍሬኑ ያለማቋረጥ አይረገጥ። ጠበቅ አድርጎ መርገጥ፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ከዚያም መልቀቅ ይሻላል። በመካከሉ ፍሬኑ ይበርዳል።

ሐ) ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ ወይም ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ፈጽሞ አይገባም። ሞተሩ ሲጠፋ ለፍሬኑ የሚሰጠው እገዛ ከአንድ ሁለት ርግጫ በኋላ ያልቃል፤ መሪውም ይከብዳል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ብዙዎቹ ላይ ነጂው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ ነዳጁ ራሱ ስለሚቋረጥ፣ የሚቆጠብ ነገርም የለም።

መ) የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ደኅና ቦታ ላይ መቆምና እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሠ) በአቀበት ላይ ለመቅደም አይቸኮል። በ3000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ የብዙ መኪና ሞተር ይደክማል። ከታች ሆነው በቀላሉ የሚቀድሙትን የጭነት መኪና፣ እላይ ሲደርሱ ለመቅደም ብዙ ርቀት ይፈልጋል። በአቀበት ከቆመ መኪና በስተኋላም ቢያንስ የአንድ መኪና ርዝመት መራቅ ይገባል፤ ሲነሣ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላልና።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ብዙ ጀማሪዎች የሚይዙት የኤሌክትሪክ መኪና ሆኗል። ይህ መኪና ነዳጅ መስጫ በነበረው ፔዳል ገና ሲነካ ይወነጨፋል፤ በዝግታ ሲሄድም ድምፅ ስለሌለው እግረኛው መምጣቱን አይሰማም። ቁልቁለት ሲወርድ ኃይል ወደ ባትሪው እየመለሰ ራሱን ይገታል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ሳለ ቁልቁለት ከጀመረ ግን ይህ እገዛ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከላይ ሆኖ የሚነሣ ሰው ባትሪውን ትንሽ አጉድሎ ቢሞላው ይመረጣል።

ዝናብ፣ ጭጋግና ሌሊት

በበጋ አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ በመጀመሪያው ዝናብ ሲርስ መንገዱን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። በደረቅ ጊዜ ከፊት ካለው መኪና ቢያንስ በሁለት ሴኮንድ መራቅ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ይህን ወደ አራት ማሳደግ ይገባል። በክረምት እንጦጦን ጭጋግ ሲሸፍነው ረጅሙ መብራት በጭጋጉ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ስለሚጋርድ አጭሩን መብራት ማብራት ይሻላል።

በሌሊት ነጠላ የለበሰች እናት ከሩቅ ትታያለች። ጥቁር ካፖርት የለበሰው ሰው ግን መብራቱ ውስጥ እስኪገባ አይታይም። በየጉባኤያችን ልናስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከአዳር ጸሎት በኋላ በንጋት ሰው ጭኖ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ያልተኛ ወጣት ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ልቡ መልካም ቢሆንም ዓይኑ ይከደናል። ለዚያ ሥራ የሚመደበው ነጂ በቤቱ ተኝቶ ያደረ ይሁን፤ ይህ ካልሆነ ምእመናኑ ነግቶ የሕዝብ ትራንስፖርት እስኪጀምር ይቆዩ።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 መንጃ ፈቃድን በሦስት ደረጃ መስጠት ጀመረች። ተማሪው በመጀመሪያ ልምድ ካለው ሰው ጋር ብቻ ይነዳል። በሁለተኛው ደረጃ ብቻውን መንዳት ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን ተቆጣጣሪ አብሮት ከሌለ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት አይነዳም፣ ጓደኞቹንም አይጭንም። ሙሉ ፈቃዱን የሚያገኘው ይህን ጊዜ በደኅና ሲጨርስ ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 ተመሳሳይ ሥርዓት አወጣች፤ ሌሎቹም ክፍለ ግዛቶች፣ ካናዳና አውስትራሊያም በዚሁ መንገድ ሄዱ። በእነዚህ አገሮች የወጣት ነጂዎች አደጋ መቀነሱ በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። የዘዴው ምሥጢር ቀላል ነው። ወጣቱ መንዳት አይከለከልም፤ ልምድ እስኪያገኝ ድረስ ከአስቸጋሪው ሰዓትና ሁኔታ ይጠበቃል።

ጉባኤና ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላሉ?

በዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያውን በመከለያ እንዲያጥር ታዟል። መከለያው የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። ይህን ለማድረግ የመንግሥት ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም። አዲስ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ካለ፣ ወላጆቹ ወይም የጉባኤው ሽማግሌዎች ከእርሱ ጋር ተቀምጠው የአንድ ዓመት ስምምነት ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ለምሳሌ፦

1. በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በእንጦጦ ቁልቁለት፣ በዝናብና በማያውቀው መንገድ የሚነዳው ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ብቻ ነው።
2. በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ብቻውን አይነዳም።
3. በዓመቱ ውስጥ ከአንድ በላይ እኩያ ጓደኛ አይጭንም።
4. ከኋላ የተቀመጠውም ጭምር ቀበቶ ሳያስር መኪናው አይነሣም። ቀበቶ በመኪና ውስጥ ያለን ሰው የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል።
5. ስልኩ ጠፍቶ በቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል።
6. መጠጥ ቀምሶ ወይም ጫት ቅሞ መሪ አይይዝም።
7. በትምህርት ቤት፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከ30 አያልፍም።

ስምምነቱ ቅጣት መስሎ እንዳይታይ ወራቱ በደኅና ሲያልፉ ገደቡ አንድ በአንድ ይነሣለት። ታላላቆችም ይህንኑ በራሳቸው ያሳዩ። አባት ሳያስር ልጁን «ቀበቶህን እሰር» ቢለው ልጁ የሚከተለው ያየውን ነው። የሚሳፈረውም ሰው «ቶሎ በል፣ ረፍዶብናል» ማለትን ይተው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ የነጂውን ልምድ አያሳይም። አዲስ ሾፌር ሲቀጠር በሜዳ ብቻ ሳይፈተን በቁልቁለትና በገበያ መካከል ነድቶ ይታይ፤ የመጀመሪያውንም ወር ከነባር ሾፌር ጋር ይሥራ። የመስክ ፕሮግራም ሲወጣ መንገዱ በቀን እንዲያልቅ ሆኖ ይታቀድ። ሾፌሩ «ይህ መንገድ በዚህ ሰዓት አያስኬድም» ሲል ኃላፊው ይስማው። በየማለዳው የፍሬን ዘይት፣ ጎማና መብራት ይታይ፤ ከተፈቀደው ጭነት በላይም አይጫን። በሞተር ብስክሌት ለሚንቀሳቀሱ ሠራተኞች የራስ ቁር እንደ ነዳጁ ሁሉ የግድ ይሁን።

አደጋ ቢደርስ

መኪናውን ማቆምና ሌላ መኪና እንዳይደርብ ምልክት ማድረግ ይቀድማል። በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ በ991 ፖሊስ ይጠራል። እሳት ወይም ሌላ አስጊ ነገር ከሌለ የተጎዳው ሰው አይጎተት፤ አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ። የሚጠጣ ነገር አይሰጥ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 በመኪና የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ የአስታማሚው ገንዘብ ማጣት ሕክምናውን ሊያስቀር አይገባም።

ሰው የገጨ ነጂ ትቶ አይሂድ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት በቸልተኝነት ሰው መግደል በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ጥሎ መሸሽ ደግሞ ሊድን የሚችለውን ሰው ይገድላል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ ሐዘን የሚገባው በሁለት ቤት ነው። ልጇን የቀበረችው እናት አለች፤ ልጇ በ20 ዓመቱ እስር ቤት የገባባትም እናት አለች። ጉባኤው ሁለቱንም ይጎብኝ።

ለውይይት

1. በጉባኤያችን ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያወጡት እነማን ናቸው? ከእያንዳንዳቸው ጋር አብሮ የሚነዳ ታላቅ ማን ሊሆን ይችላል?
2. ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚሻገሩት ከሁሉ አስቸጋሪው ቦታ የትኛው ነው? ለወረዳው አመልክተን ምልክት ወይም ዜብራ እንዲደረግበት ልንጠይቅ እንችላለን?
3. ከአዳር ጸሎት በኋላ ምእመናንን የሚያጓጉዘው ነጂ የሚያርፍበትን ሁኔታ እንዴት እናዘጋጅ?